በቅሎዋ ከየት መጣች

ላቲን ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

የእናቴ ወንድም መጽሐፍ ጠራዥ ነው። እኔም ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ እሱ ዘንድ እሠራለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ጀርባው የተገነጠለ የላቲን መማሪያ ይዞ መጣና "የዛሬ ሳምንት እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። እንደሄደ ቀረ። መጽሐፉን ጠርዘን ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥንለት። በሦስተኛው ዓመት እኔ ከፈትኩት።

ስድሳ ምዕራፍ ነው። የማነበው ሙጫ እስኪደርቅ ባለው ጊዜ ነበር። ሙጫ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አርባ ደቂቃ ደግሞ ለአንድ የግስ ሠንጠረዥ ይበቃል። አጎቴ ራሱ "ሙጫ" እያለ ነው የሚጠራኝ። የያዝኩትን ስለማልለቅ ነው ይላል፤ እኔ ግን ሥራ ሲበዛበት ስሜ ስለሚጠፋው ይመስለኛል። ያም ሆነ ይህ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ምዕራፎች በስምንት ወር ጨረስኩ። ላቲን ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች አማርኛ ተናግረው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማን እንዳደረገው እዚያው ግሱ ውስጥ ታጭቋል፤ "መጣች" ካሉ በኋላ "እሷ" ብሎ መጨመር ትርፍ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሠራበት የኖርኩት ነገር ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ እንጂ አዲስ አልሆነብኝም።

መካከለኛው ክፍል፣ ማለትም ከሠላሳ አንድ ጀምሮ ያለው፣ እንዲያ አልነበረም። እሱን በኋላ እናገራለሁ።

በከተማው ላቲን የሚሰጥ አንድ ተቋም ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ቀን ነው፣ የሁለተኛው ዓመት ማታ። ቀን ቀን እሠራለሁ። ስለዚህ ወይ በፈተና በቀጥታ ሁለተኛ ዓመት እገባለሁ፣ ወይ ጭራሹን አልገባም። ከውጭ የሚመጣ ተፈታኝ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈተነው፤ ከወደቀ ወደቀ ነው። መግባቱን የፈለግኩት ለወረቀቱ አይደለም። በእጄ የሚያልፉት አሮጌ መጻሕፍት ግማሾቹ ላቲን ናቸው። ጀርባቸውን ሰፍቼ፣ ሽፋን አልብሼ፣ ጠርዛቸውን ከርክሜ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ ሳላውቅ ለባለቤታቸው ማስረከብ ሰልችቶኝ ነበር። ምግብ አብስሎ ሳይቀምሱ እንደ ማቅረብ ነው።

ባለመድኃኒት ቤቱን ያገኘኋቸው በዚሁ ሥራ ነው። የድሮ የቅመማ መጽሐፋቸውን ሊያስጠርዙ መጥተው ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩኝ። የምለማመደውን ግስ እኔ ስጀምረው እሳቸው ጨረሱልኝ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መድኃኒት ቤቱን አሁን የምትመራው ልጃቸው ናት፣ እሳቸው ኋላ ክፍል ይቀመጣሉ። በወጣትነታቸው ላቲን የተማሩት ያለሱ መድኃኒት መቀመም በማይቻልበት ዘመን ነው።

"ብቻሽን ተርጉመሽ ብቻሽን ልክ ነው ካልሽ፣" አሉኝ፣ "ከሳሽም ዳኛም አንቺ ሆንሽ ማለት ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነይ።"

አሠራሩን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ከመጽሐፌ አንድ ምንባብ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ላቲኑን በሌላ ወረቀት ገልብጬ፣ አጥፌ፣ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። እሳቸው የሚያዩት አማርኛዬን ብቻ ነው፤ ከሱ ተነሥተው መልሰው ላቲን ያደርጉታል። ከዚያ ኪሴ ያለውን አውጥተን ሁለቱን ላቲኖች ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። የእኔ ትርጉም ከላላ የሳቸው ላቲን ይጣመማል፤ ትርጉሜ ከጠበቀ የሳቸውም ይቀናል።

የኋላው ክፍል ጠባብ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያዎች፣ በያንዳንዳቸው ላይ ቢጫ ያደረገ ወረቀት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ። የካምፎር ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ አጎቴ ሐሙስ ሐሙስ ስመለስ "ብል አይበላሽም ዛሬ" ይለኛል። የመሳቢያዎቹ ቁልፍ ድሮ በሳቸው ወገብ ላይ ነበር አሉ። ባለፈው ዓመት ለሳል የመጣ ሰው የጨጓራ ሊሰጡት ሲሉ ልጃቸው ደረሰችና ቁልፉ ወደ እሷ ተዛወረ። ስለዚህ ነገር እቤት ውስጥ አይወራም። ስለማይወራ ሁሉም ያውቀዋል።

ሰባት ወር ሠራን። ሰባት ወር ሙሉ የሳቸው ላቲን ከመጽሐፉ ጋር እየተሳመ ይመለስ ነበር። አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ትለወጣለች፤ አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ይዛነፋል፤ ከዚያ በላይ የለም። እኔም በዚያው መጠን አበጥኩ። አጎቴ "ፈተናው ቀረበ፣ ትንሽ አትፈሪም?" ሲለኝ "የሚፈሩት ያልተመዘኑ ናቸው" አልኩት። አሁን ሳስበው ፊቴን ባለማየቴ አመሰግናለሁ።

ፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ የሃምሳ አንደኛውን ምዕራፍ ምንባብ ይዤ ሄድኩ። ወንዝ ሞልቶበት ስለሚሻገር ነጋዴ ነው። ባለመድኃኒት ቤቱ አማርኛዬን ሁለቴ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ። ከኪሴ አወጣሁና ማስተያየት ጀመርኩ። አንደኛው ዓረፍተ ነገር ልክ፣ ሁለተኛው ልክ፣ ሦስተኛው ልክ። አራተኛው ላይ ጨው የተጫነች በቅሎ ድንጋይ አዳልጧት ወንዝ ውስጥ ትወድቃለች። እሱም ልክ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። በቅሎ መተርጎሜ ትዝ አላለኝም።

አማርኛዬን አየሁ። ነጋዴው ወንዙ ዳር ይደርሳል፤ ከዚያ በቀጥታ ማዶ ቆሞ ልብሱን ይጨምቃል። ስጽፍ አጎቴ መጭመቂያውን እንድይዝለት ጠርቶኝ ነበር፤ ስመለስ አንድ መስመር ዘልዬ ኖሯል።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "በቅሎዋ ከየት መጣች?"

"የቷ በቅሎ?"

"ወንዝ የገባችው።"

"ካንቺ ወረቀት ነዋ።"

"እኔ ወረቀት ላይ በቅሎ የለችም።"

ወረቀቴን ተቀብለው አዩ። ገለበጡት፣ ጀርባው ላይ የምትገኝ ይመስል። "ነጋዴ ያለ በቅሎ ይሄዳል እንዴ?" አሉ።

"ይሂድ አይሂድ አላልኩም። ጨው ተጭና፣ ግራ እግሯ አዳልጧት፣ እስከ ጆሮዋ ሰጥማ... ግራ እግሯ መሆኑን በምን አወቁ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ፊታቸው ያንሳል። ከፊት ለፊት ልጃቸው ለሆነ ሰው "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ" ስትል ይሰማል።

"እኛ የተማርነው በዚሁ መጽሐፍ ነው መሰለኝ፣" አሉ በመጨረሻ። "መምህራችን ምንባቡን ሁሉ በቃል ያስወጣን ነበር። የሳተ ቆሞ ይውላል። እኔ ብዙ ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ በደንብ ነው የያዝኩት።"

"መቼ ነው ያወቁት?"

"የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አላወቅኩም። እውነቴን ነው፣ እጄ ቀለለኝ ብቻ ነበር ያልኩት። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ስለ ዝይዎቹ ያለውን አመጣሽ። የዝይዎቹ ቀን ነው ብዙ የቆምኩት።"

"ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ሐሙስ አልፏል።"

"አልፏል።"

"ምን ብጽፍ ያው መጽሐፉን ነበር የሚመልሱልኝ። የሠርግ ጥሪ ጽፌ ባመጣ የነጋዴው ወንዝ ይመለስልኝ ነበር።"

የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው እየፈተጉ ቆዩና "ሐሙስ ሐሙስ ምንም ነገር አልረሳም ነበር" አሉ።

ለመራራት ጥሩ ጊዜ ነበር። እኔ ግን አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፣ አፌም ከኔ ይፈጥናል። "እኔ መድኃኒትዎ ነኝ ለካ፣" አልኩ። "በሳምንት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ ሲወስዱኝ ነበራ።" ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ልጃቸው "ዛሬ ቶሎ ጨረሳችሁ?" ስትለኝ "ዱሮ ነው ያለቀው" አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ደብተሮቼን አወጣሁ። ያለፉትን ትርጉሞቼን ከላቲኑ ጋር፣ ቃል በቃል፣ እያንዳንዷን ቃል በእርሳስ እየነካሁ፣ ላያቸው ተቀመጥኩ። ዓርብ ምሳዬን በላሁ አልበላሁ አላስታውስም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሠላሳ ምንባብ አይቼ ሃያ ሁለቱ ውስጥ ስሕተት አግኝቼ ነበር፤ ስሕተት ስል የነጥብና የሰረዝ አይደለም። ባሏ የላከላትን ደብዳቤ ሳታነብ ያቃጠለች ሴት ነበረች፤ እኔ ጋ ደብዳቤውን እያነበበች በእንባ አርሳዋለች። የጠላትን ሬሳ እንዲቀብሩ የታዘዙ ወታደሮች ነበሩ፤ እኔ ጋ ወታደሮቹ ራሳቸው ተቀብረዋል፣ ያውም በክብር። ከሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ አንዱ ድርጊት ሌላው ውስጥ፣ እሱም ሌላው ውስጥ ይሰካል። እኔ ደግሞ ሦስት ቃል ካየሁ ታሪኩን ጨርሼ አውቀዋለሁ። የቀረውን ከራሴ አመጣና ባማረ አማርኛ እጽፈዋለሁ። ማማሩስ በእውነት ያማረ ነበር። ብቻ ትርጉም አልነበረም። ስለ ሰዎቹ የሰማሁትን ማውራት ነበር፣ እሱንም በግማሽ ጆሮ።

አጎቴ የተጣላሁትን ከየት እንደሰማ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴ ላይ አንብቦት ይሆናል። ብራናውን እየፋቀ፣ ቀና ሳይል፣ "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ምን አሉ?" አለኝ።

"አጎቴ፣ ዛሬ ስለ በቅሎ አታውራኝ።"

"በራሷ አሳጠረች አሉ።"

"ሰባት ወር አታለሉኝ እኮ።"

"አታለሉሽ ወይስ አስደሰቱሽ?"

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው ግማሹን አንቺ ነሽ ያታለልሽ። አንድ ቀን እንኳ ተጣሞ ባይመለስልሽ አልገረመሽም?"

አልገረመኝም ነበር። የሚገባኝ መስሎኝ ነበር።

"አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ ብል እንኳ ምን ላይ እንሠራለን?" አልኩ። "መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። ሌላ ላቲን የለኝም።"

አጎቴ መፋቂያውን አስቀመጠ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ወፍራም የአሮጌ ውል መዝገብ አወጣ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የመጣ ነው፣ ሽፋኑ ሊለቅ የደረሰ። ሽፋኑን ገለጠና ውስጠኛውን ፊት አሳየኝ። የድሮ ጠራዦች ወረቀት አይጥሉም፤ ከሌላ መጽሐፍ የተረፈ ገጽ ካገኙ ሽፋኑን ከውስጥ ይለብጡበታል። እዚያ ላይ፣ በሙጫ ተለጥፎ፣ ላቲን ነበር። ሙሉ ገጽ። በኋለኛውም ሽፋን ሌላ ሙሉ ገጽ።

ርጥብ ጨርቅ ጨምቆ አለበሰው። ጠበቅን። ጥግ ጥጉን በወረቀት ማጠፊያው አጥንት እያነሳሳ፣ እንደ ሕፃን ፋሻ ሳይጎትት፣ ሁለቱንም ገጽ ሙሉ ለሙሉ አወጣቸው። ጀርባቸውም የተጻፈበት ነው፤ አራት ገጽ ሆነ። አንዱ ጥግ ላይ ምስጥ የበላው አለ እንጂ የቀረው ጥርት ያለ ነው።

"ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይለጠፋል፣" አለኝ። "እስከዚያ ገልብጪ። ይህን በቃሉ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ሞቷል።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ "ፈተናው ላይ ማን አስተማረሽ ካሉሽ፣ አጎቴ ጠራዥ ነው በይ፤ እንደ በቅሎዋ" አለኝ።

"በቅሎ አታውራኝ አላልኩህም?"

ሰኞ ከምሳ በኋላ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጃቸው በነጭ ካፖርቷ ቆማ ክኒን እየቆጠረች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ "አባቴን ምን አድርገሽው ነው? ከሐሙስ ጀምሮ ቃል አልወጣውም" አለችኝ።

"ተጣልተን ነው።"

"በምን?"

"በበቅሎ።"

ቀና አለች። እንደማልቀልድ አይታ በአገጯ ወደ ኋላ ክፍል ጠቆመችኝ።

ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም። የሚችሉበት ሰዎች ስለሚቀላቸው ይመስለኛል ቶሎ ቶሎ የሚያጠፉት። ገባሁና ከሽፋኑ ላቲን የተረጎምኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "የሐሙሱ አፌ ነው፤ እኔ አልነበርኩም" አልኩ።

"አፍሽ ካንቺ ጋ አይደለም እንዴ የሚኖረው?"

"አስቸጋሪ ተከራይ ነው።"

ፈገግ አላሉም፤ ግን በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ወረቀቱን አዩ። "ይኼ ደግሞ ምንድነው?"

"ይህን አያውቁትም።"

"ካላወቅኩት ምን እጠቅምሻለሁ?"

"ለዚያው ነው የሚጠቅሙኝ።"

ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ግድግዳ ስለተካሰሱበት ነገር ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም የለውም፣ መሐሉ ብቻ። የመጀመሪያውን ቀን ውጤት በግልጽ መናገር ይሻላል። ከአሥራ ዘጠኝ መስመር አራቱ ብቻ ተገጣጠሙ። የቀረው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ ሁለት የማይተዋወቁ ግድግዳዎች የጻፉት ይመስል ነበር። ስምንት ቀን ነበር የቀረኝ።

ከዚያ እያንዳንዱን ልዩነት እያነሳን "ያንቺ ነው የኔ?" መባባል ጀመርን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው መልስ ነበረው። አንድ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ቀደን በአንድ ወገን የሳቸውን፣ በሌላ ወገን የእኔን ስሕተት በጭረት እናሰፍራለን። የእኔ ወገን ቶሎ ይሞላል።

"'ጎረቤቱ በንዴት ተነሥቶ ግድግዳውን አፈረሰው' ብለሻል፣" አሉኝ። "እዚህ የሚለው ግን እንዲያፈርስ ታዞ ሳለ አላፈረሰም ነው። ንዴቱን ከየት አመጣሽው?"

"ጎረቤት ስለሆነ።"

"ጽሑፉ ላይ ንዴት አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ይቺ ያንቺ በቅሎ ናት።"

በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፉ ላይ ሳይኖር ከራሳችን ያመጣነው ነገር ሁሉ በቅሎ ተባለ። "ሦስተኛው መስመር ላይ በቅሎ ገብታለች" እላለሁ። "ያንቺ አራተኛ ላይ ደግሞ ከነውርንጭላዋ" ይሉኛል። በቅሎ አትወልድም ብዬ ብከራከርም ጭረቱ ተጭሯል።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ተገናኘን። መጀመሪያ ግሱን ማግኘት፤ ከዚያ ያደረገውን፤ ከዚያ የተደረገበትን፤ ከዚያ የትኛው ድርጊት ከየትኛው እንደቀደመ። ይህን ሳልጨርስ አንድ የአማርኛ ቃል አልጽፍም። ያማረ ቃል ወደ አፌ በመጣ ቁጥር እቀጣዋለሁ፤ ቆሞ ይውላል። አራተኛው ቀን ላይ ሰባት መስመር ተገጣጠመ። አምስተኛው ላይ አምስት፤ ወደ ኋላ ሄድን። ሰውየው ሲደክማቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ያሹና "ቀጥዪ" ይላሉ።

አንድ ቀን አንዲት ቃል ላይ ተቸክለው ሳለ ልጃቸው ሳጥን ልታስቀምጥ ገባች። እስክሪብቶው አየር ላይ እንደቀረ አየች።

"ረሳኸው እንዴ አባዬ?" አለች፣ በቀስታ፣ በሽተኛ እንደሚያነጋግሩ።

"አልረሳሁትም፣" አሉ። "ድሮም አላውቀውም።"

ሰው ያንን ያህል ኮርቶ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልጃቸው እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ሳጥኗን አስቀምጣ ወጣች። መዝገበ ቃላቱን ገለጡና ቃሏን ፈለጉ።

ፈተናው ማክሰኞ ነበር። አሥራ አንድ ነበርን፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ጥፍሬ ሥር ሙጫ ያለብኝ። ሃያ መስመር ወደ አማርኛ፣ ስምንት መስመር ወደ ላቲን፣ ሦስት ሰዓት።

የሃያው መስመር ምንባብ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ስለተመለሰ ሰው ነው። ሦስት መስመር እንዳነበብኩ ታሪኩ በሙሉ ታየኝ። ሚስቲቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ ውሻው ያውቀዋል፣ እንባ ይፈሳል። አማርኛው ራሱ በጆሮዬ ይንቆረቆር ጀመር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና እጄ ላይ ተቀመጥኩ፣ እውነተኛ መቀመጥ ነው የምለው፤ ፈታኟ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ግሶቹን አንድ በአንድ በክብ ከበብኳቸው። ሚስት የለችም። ውሻም የለም። ሰውየው ቤቱ ገባ፣ መስኮቱን ከፍቶ አቧራውን አራገፈ፣ በላ፣ ተኛ። ማንም አላለቀሰም። እኔም እንደዚያው ጻፍኩት፣ ድርቅ አድርጌ።

አሥራ ስድስተኛው መስመር ላይ ተያዝኩ። በር አለ፣ ከውስጥ ዘግቶት ነበር ይላል። ከዚያ ሌቦች አሉ፣ ከዚያ ዘመዶች አሉ፣ መጨረሻ ላይ የመፍራት ቃል አለ። ማን ማንን እንደፈራ ግን ሊይዝልኝ አልቻለም። ቃሏ ፊቷ የተደራጊ ነው፤ እንደዚያ ካነበብኩት ሰውየው የተፈራ ይሆናል፣ የተፈራ ሰው ደግሞ በር ምን ያዘጋዋል? "ሌቦቹም ዘመዶቹም ፈርተውት ሸሹ" ብል ያምር ነበር። ግማሽ ሰዓት አየኋት። "በሩን ከውስጥ ዘግቶት ነበር" ብዬ ጻፍኩና የቀረውን ባዶ ተውኩት። ያን ባዶ ቦታ ትቶ ወደ ቀጣዩ መስመር መውረድ ከፈተናው ሁሉ የከበደኝ ነው።

በሳምንቱ አንድ በአንድ ጠሩን። ፈታኟ ጉንፋን ይዟታል፤ መሐረብ በእጇ፣ ወረቀቴ በፊቷ።

"ተቀመጪ። አማርኛሽ ደረቅ ነው፣" አለች። "ጡብ የደረደርሽ ነው የሚመስለው።"

ቤት ያሉትን ደብተሮቼን ብታይ መሐረቧ ሌላ ሥራ ያገኝ ነበር። ምላሴን ነከስኩ፤ ምላሴም አልለመደውምና ደነገጠ።

"ግን በቦታው ነው፣" አለች። "እዚህ ጋ ለምንድነው ባዶ የተውሽው?"

"ማን ማንን እንደፈራ አላወቅኩም።"

"መገመት አይቻልም ነበር?"

"ይቻል ነበር። በደንብ ነው የምገምተው። ችግሬም እሱ ነው።"

አፍንጫዋን ጠረገች። "ሌሎቹ በሙሉ ገምተዋል። አንዱ ዘመዶቹን ሌባ አድርጓቸዋል።"

"ነጥብ አገኙበት?"

"አላገኙም። አንቺም አላገኘሽም። ባዶ ቦታ ነጥብ የለውም።"

"አልጠየቅኩም።"

"ፊትሽ ጠይቋል።" ወረቀቱን ገለበጠች። ማለፊያው ስልሳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። "ስልሳ ሁለት። ካለፉት መጨረሻዋ ነሽ። ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛ ፎቅ። መዝገበ ቃላት የሌለው አይገባም።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ስልሳ ሁለት ለኔ የሚያኮራ ቁጥር አልነበረም፣ ግን እግሬ አልሰማም። በቀጥታ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ መተላለፊያውን ከፈተችልኝ።

"ገባሽ?" አሉ።

"ገባሁ።"

"በስንት?"

"በስልሳ ሁለት።"

"ጠባብ በር ነው፣" አሉ። "ትንሽ ሳትከሺ አትገቢበትም ነበር።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ምንባቡን አምጪ።"

ወረቀቱን አይሰጡንም። አሥራ ስድስተኛውን መስመር ግን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ሲያድር ነው የከረመው። አልኩላቸው። ሁለቴ አስደገሙኝና ጻፉት። የመጨረሻዋን ቃል በጣታቸው ነኩ። "ቬሪቱስ" አሉ ለራሳቸው። አንዴ ወደ መሳቢያዎቹ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው አዩ።

"ይዘዋታል?" አልኩ።

"አልያዝኳትም። ግን እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ፊታቸው የተደራጊ፣ ሥራቸው የአድራጊ። ሲያዩዋቸው የተመቱ ይመስላሉ፣ የመቱት ግን እነሱ ናቸው።"

መዝገበ ቃላቱን ጎተትን። ቅጠሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። እኔ ገለጥኩ፣ እሳቸው በማጉያ መነጽር ወረዱበት። አገኘናት። "የተፈራ" አልነበረችም፤ "ፈርቶ" ነበረች። ከዚያ ከሌቦቹ ፊት ያለችውን፣ "ያህል አይደለም" የምትለዋን ትንሽ ቃል ቦታዋ አስቀመጥናት፤ ሌቦቹን ወደ ግራ፣ ዘመዶቹን ወደ ቀኝ አደረግን። ሰውየው በሩን ከውስጥ የዘጋው ከሌባ ይልቅ ዘመዶቹን ፈርቶ ነው።

ባለመድኃኒት ቤቱ መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው። ከዚያ ሳሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እንደገና አነበቡትና እንደገና ሳቁ። እኔንም ሳቁ ያዘኝ።

"ደንበኛ አለ፣" አለች ልጃቸው ከፊት።

"ዘመድ ከሆነ በሩን ዝጊበት" አሏት።

መዝገበ ቃላቱን ከድነው ወደኔ ገፉት። "ሰኞ ያስፈልግሻል። ይዘሽው ሂጂ።"

ሦስት ኪሎ ይሆናል። በሁለት እጄ ታቅፌው ወጣሁ፤ በሩን ልጃቸው ከፈተችልኝ።